ኑሮ ሲከብድ ተመስገን ማለት ያበረታል ወይስ አፍ ያስይዛል? (የውይይት ክር ከነመልሶቹ)

መነሻ ጽሑፍ

ክሩን የከፈተችው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ባሏ የሚሠራበት ዕቃ አስመጪ ድርጅት ኮንቴይነር ማዘዝ አቃተውና ሠራተኛ ቀነሰ፤ ባሏም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። ቤቱ በእሷ ደመወዝ ብቻ ቆሞ ሳለ አከራያቸው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራይ መጨመሩን በር ላይ ቆሞ በቃል ነገራቸው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ለመጻፍ ያነሳሳት ግን መሥሪያ ቤቷ የጠራው አሠልጣኝ ነው። ሠራተኛው የደመወዝ ማስተካከያ በጠየቀ ሰሞን ድርጅቱ የግማሽ ቀን ሥልጠና አዘጋጀ። የድርጅቱ አርማ የታተመበት ደብተር ለእያንዳንዱ ታደለና ማታ ማታ የሚያመሰግኑበትን ሦስት ነገር እንዲጽፉ ተነገራቸው። እሷም ሞከረች። የልጆቿን ጤና ጻፈች። የፈረቃው ውሃ በተራዋ ቀን መምጣቱን ጻፈች። ሦስተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶው አልሄድ አላት። ደብተሩን ሳትዘጋው እናቷ ከደብረ ብርሃን ደወሉ፤ እሷም እንደ ወትሮዋ ተመስገን ደህና ነን አለቻቸው። እናቷ አማቻቸው ሥራ ከፈታ ወራት ማለፋቸውን አልሰሙም።

ጥያቄዋ ይኸው ነው፦ በክፉ ቀን ማመስገን ሰውን ያበረታል ወይስ ችግሩን አፍኖ ያቆየዋል? ብር እየለመነች እንዳልሆነም አስቀድማ አሳወቀች። እንዲህ ማለት ያስፈለጋት ለምን እንደሆነ የዘመኑን ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል።

1ኛ መልስ

ቀድመው የመለሱት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ልጄ ብለው ጀመሩ። በ1977ቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ ያስተምሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው የዋሉ ሰዎች የተሰፈረላቸውን ስንዴ ቆልተው፣ አንድ ፍሬ እንኳ ሳይቀምሱ በፊት ሲያመሰግኑ በዓይናቸው አይተዋል። የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ የሚለውን ተረት አስታውሰው፣ ባል በሕይወት ካለና ልጆች ትምህርት ቤት ከዋሉ ምስጋናው አይጓደል ብለው መረቋት።

2ኛ እና 3ኛ

አንዱ አሜን ብሎ አለፈ። ሌላው ያለው ማማሩ የሚለውን ጣል አድርጎ ሄደ።

4ኛ

እዚህ ላይ አየሩ ተለወጠ። ራሱን የራይድ ሹፌር ነኝ ብሎ ያስተዋወቀ ወጣት የመምህሩን መልስ ነጥብ በነጥብ ፈተሸው። የባሰ አለ ማለት በሌላው መከራ መጽናናት ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ከሁሉም በታች ያለው ሰው ማንን አይቶ ይጽናና? የስንዴውን ሰልፍም አልተወላቸውም። ያ ሕዝብ ሲያመሰግን በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ ታከብር እንደነበር፣ የድርቁ ወሬም ድግሱን እንዳያደፈርስ ተይዞ እንደቆየ አስታወሳቸው። ስለ ደብተሩ የጻፈው ደግሞ አጭርና መራራ ነበር፦ ሠራተኛው ጭማሪ ጠየቀ፣ ደብተር ተሰጠው።

የቃላት አመራረጡ ታላቅን የሚያስቀይም ነበር። ነገሩን ግን ከልብ ላነበበው ሰው መልስ የሚሻ ነው።

5ኛ

መምህሩ ተመልሰው መጡ፤ መከፋታቸው ያስታውቃል። ሰዎቹ ያመሰገኑት መንግሥትን አይደለም፤ ጠይቁ፣ ተከራከሩ የሚለውንም አልከለከልኩም አሉ። በዚያ ዓመት ከክፍላቸው የቀሩትን ልጆች በስም እየጠሩ መዝገብ ላይ ሲያሰምሩ የኖሩ ሰው መሆናቸውን ጨምረው፣ የድግሱን ወሬ ከልጅ እንደማይማሩ ገለጹ።

6ኛ

በምክር አገልግሎት የምትሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ገባችና የደብተሩን ዘር ማንዘር ነገረችን። አሠልጣኙ ከራሱ ያመነጨው ነገር አይደለም። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክካሎ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎችን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን በሳምንቱ ያመሰገነበትን፣ ሁለተኛው ያበሳጨውን፣ ሦስተኛው እንዲሁ የሆነውን ነገር ለ10 ሳምንታት ጻፈ። ያመሰገኑት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ።

ባለሙያዋ እዚያ ላይ ብትቆም ኖሮ አሠልጣኙ ደስ ባለው ነበር። ቀጥላ ግን በኋላ የመጡ ጥናቶችን ጠቀሰች። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ሥራ 27 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ እንዲህ ያለው ልምምድ ድብርትንና ጭንቀትን በመቀነስ ረገድ ያለው ጥቅም ትንሽ መሆኑን አሳይቷል። ሳምንት አንዴ የጻፉት ሦስቴ ከጻፉት የበለጠ የተጠቀሙበት ሙከራም አለ፤ ስለዚህ በየማታው መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ሲደጋገም ይደነዝዛል። የእሷ ምክር፦ ከልብ ሲመጣ ጻፊ፣ እንቅልፍ ካጣሽና ምግብ ካስጠላሽ ግን ደብተር ሕክምና አይተካም።

7ኛ እና 8ኛ

አንድ ሰው ጥቅሙ ትንሽ ከሆነ ለምን ይደክሙበታል ብሎ ጠየቀ። ባለሙያዋ ትንሽ ማለት ምንም ማለት እንዳልሆነ፣ ችግሩ ትንሹን ነገር ትልቅ አድርጎ መሸጡ መሆኑን መለሰች። ነጋዴዎቹን ማለቷ ይመስለኛል።

9ኛ

ዲያቆን ነው። ለ4ኛው መልስ ሊሰጥ መጥቶ ሳያስበው ግማሹን አገዘው። በቅዳሴ የሚጸለየውን ጸሎተ አኮቴት ጠቀሰ፦ ሸፍኖናል፣ ረድቶናል፣ ጠብቆናል፣ እስከዚች ሰዓትም አድርሶናል እየተባለ ምስጋናው ይደረደራል። ያንን ጸሎት ያደረሱ አባቶች ሁሉ ደልቷቸው አልነበረም አለ። እስከዚህ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ግን ኢዮብን አነሳ። ሁላችንም የምንጠቅሰው እግዚአብሔር ሰጠ እግዚአብሔር ነሣ የሚለውን የምዕራፍ 1 ቃል ነው። ምዕራፍ 3 ላይ ይኸው ኢዮብ አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ ደግሞ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ቆመው እሱን ሲወቅሱት ይቆያሉ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በአጉረምራሚው ሳይሆን በወዳጆቹ ነው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይላቸዋል።

ዲያቆኑ ይህን ጽፎ የደረሰበት መደምደሚያ ጠያቂዋ አጥብቃ ታመስግን የሚል ነበር። እኔ ግን ከዚያው ምንባብ ሌላ ነገር ነው ያነበብኩት፤ ከኋላ የመጡት መላሾችም እንደዚያው።

10ኛ

መርካቶ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም እህት፣ በእኛም ዘንድ አልሐምዱሊላህ በድሎትም በችግርም ይባላል ብላ ጀመረች። ነቢዩ ያዕቆብ ልጃቸው ዩሱፍ ሲጠፋባቸው ዓይናቸው እስኪነጣ ማልቀሳቸውን፣ ሐዘኔንና ትካዜዬን የማሰማው ለአላህ ብቻ ነው ማለታቸውን ከሱረቱ ዩሱፍ አስታወሰች። ሶብር፣ ማለትም ትዕግሥት፣ አለማልቀስ አይደለም። የእሷ ሱቅ ጎረቤት ገበያ ሲጠፋ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ከእሱ የተበደረ ሰው የመክፈያ ቀኑ ሲያልፍ ግን የዕዳ ደብተሩን ይዞ በተበዳሪው በር ላይ ይቆማል። ማመስገኑና ዕዳ መጠየቁ ተጣልተውበት አያውቁም።

11ኛ

ራይድ የሚነዳው ለ9ኛው መልስ ሰጠ። ዲያቆኑ ራሱ ከኢዮብ ወዳጆች አንዱ እንደሆነ አላወቀም አለ። ስድብ ቢጤም ነበረው፤ አወያዩ አጥፍቶታል።

12ኛ

ክሩን ክር ያደረገው ይህ መልስ ነው። የጻፈችው ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ናት። በስልክ ስለሆነ ነጥብም ሰረዝም የለውም፣ ረጅም ነው፤ ማንም ግን አላማረረም።

ዓርብ ዓርብ ነው ወደ ቤት የምትደውለው። መዳሟ እንዳትሰማት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ትገባና ማሽኑን ታስነሳለች። ማሽኑ ጨምቆ ሊጨርስ ሲል ስለሚንቀጠቀጥ እናቷ ያ ድምፅ ምንድን ነው ይሏታል፤ አውሮፕላን ነው ትላለች። ደመወዝ ሦስት ወር የተያዘባት ጊዜ ነበር። በእነዚያ ወራት እናቷ በጠየቋት ቁጥር ተመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው እያለች ቆየች። በላከችው ብር ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ታናሽ ወንድሟ ኮሌጅ ገብቷል፤ አሁን ሰዎቹ ክፉ ናቸው ብትል እናቷ እንቅልፍ አጥተው ነይ ይሏታል፤ መጥታስ? ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ያለው በከፊሉ እጅ ነው።

አብራት ከሰፈር የወጣች ጓደኛዋም እንደዚሁ ደህና ነኝ ስትል ኖራ ነበር። ቤተሰቧ እውነቱን ያወቀው በመመለሻ በረራ ባዶ እጇን ቦሌ ስትወርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህች ሴት አንድ ነገር ጀመረች። የግድግዳ ካላንደር በየወሩ ሲገነጠል ጀርባውን ትይዘውና መሐሉን ታሰምራለች። በግራ የምታመሰግንበትን ትጽፋለች፦ የቤቱ ትንሽ ልጅ ስሟን አስተካክሎ ጠራት፣ ሱቅ ስትላክ ከአንዲት ኤርትራዊት ጋር ቆማ አወራች፣ ጥርሷ ሕመሙ ቆመ። በቀኝ ያልተከፈላትን ወር፣ ቀኑንና የሪያሉን ልክ፣ ያን ዕለት ማን ምን እንዳላት ትመዘግባለች። የጸሎት ጊዜ ግራውን ታነባለች። ቀኙን ፎቶ አንስታ ለእህቷ በዋትሳፕ ትልካለች፤ እህቷ ለእናታቸው አታሳይም፤ ግን አንድ ሰው አገር ቤት ያውቃል።

ከሦስቱ ወር ደመወዝ የተከፈላት ያንን ቀን የቆጠረ ወረቀት ይዛ አንድ የሰፈሯ ሰው በአረብኛ ካስረዳላት በኋላ ነው። ሁለቱ ተከፍሏል። አንዱ አሁንም ቀኝ በኩል አለ።

ከ13ኛ እስከ 17ኛ

አይዞሽ፣ ጀግና፣ እግዚአብሔር ለአገርሽ ያብቃሽ። ከቤይሩት የጻፈች አንዲት በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ፣ ኮሮናና የሊባኖስ ገንዘብ መውደቅ አንድ ላይ ሲመጡ፣ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ እያወረዱ የሄዱበትን ጊዜ አስታወሰች። በዚያ አስፋልት ላይ ያደሩት ሴቶችም ጠዋት ሲነጋ አመስግነው ነበር፤ ግን ደግሞ ስልካቸውን አውጥተው ቀርጸዋል፣ ዓለምም ያየው በዚያ ነው። 15ኛው ከፊል የሚለውን ቃል ትርጉም ጠየቀ፤ 16ኛው ስፖንሰር አድርጎ ያስገባው ሰው መሆኑን ነገረው። 17ኛው ፎቶውን ለእህት ብቻ መላክ አይበቃም፣ ኢሜይል ላይም ይቀመጥ ብሎ መከረ። ጥሩ ምክር ነው።

18ኛ

አንድ የሒሳብ ባለሙያ ለጠያቂዋ እንደ ሙያ ባልደረባ ጻፈላት። መዝገብ አንድ ጎን ብቻ ኖሮት ሚዛን አይመታም፤ አሠልጣኙ ክሬዲቱን ብቻ ጻፉ ብሎ ዴቢቱን ደበቀ፤ የጅዳዋ ልጅ ሳትማር የያዘችው መዝገብ ከእኛ የተሻለ ነው አለ። ከሁሉም በላይ የተወደደው መልስ ይህ ሆነ። ለ12ኛዋ ይገባት ነበር።

19ኛ እና 20ኛ

ከሜሪላንድ አንድ ታክሲ ነጂ በአሜሪካ የምስጋና ቀን ልጆቹ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሲጠይቁ ሚስቱ ዶሮ ወጥ ስለምትሠራ ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀርቡ ጻፈ። ቀኑ የጥጋብ በዓል ይመስለው እንደነበረና አሁን ግን ለጥያቄው የሚሆን ታሪክ እንዳለው ተናገረ፦ ፕሬዝዳንት ሊንከን ቀኑን ያወጁት እ.ኤ.አ. በ1863፣ የርስ በርስ ጦርነቱ መሐል፣ የጌቲስበርግ ውጊያ ሟቾች መቃብር ገና ሳይደርቅ ነው።

20ኛው አራሚ ነው። በየክሩ አንድ አይጠፋም። የምስጋና ቀን ከሊንከን በፊትም በየግዛቱ ይከበር እንደነበረ፣ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ተብሎ በሕግ የጸናውም እ.ኤ.አ. በ1941 መሆኑን አስገነዘበ። ከእርማቱ በኋላ የጨመረው ግን ከእርማቱ ይበልጣል፦ የሊንከን አዋጅ ሕዝቡ እንዲያመሰግን ሲጠራ በዚያው ትንፋሽ ባል የሞተባቸውን፣ ወላጅ ያጡትንና ሐዘንተኞችን እንዲያስብ ይጠይቃል።

21ኛ

የተርኪ አሠራር። በበርበሬ ይታሽ ወይስ በአዋዜ የሚል ክርክር ተነሳ፤ እዘለዋለሁ።

22ኛ

ከእስራኤል፣ ከነታንያ። ቤተ እስራኤል ሲግድን የሚያከብሩት ከዮም ኪፑር፣ ከአይሁድ የስርየት ቀን፣ 50 ቀን በኋላ ነው፤ እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል ብላ አውጃዋለች። ጎንደር ሳሉ አያቶቻቸው እየጾሙ ወደ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ቄሶቹ ኦሪት ያነባሉ፣ ሕዝቡ ንስሐ ይገባል፣ ለኢየሩሳሌም ያለቅሳል። ከሰዓት በኋላ ይወርዱና ጾሙ ተገድፎ ይበላል፣ ይጨፈራል። ጠዋት ለቅሶ፣ ከሰዓት ምስጋና፤ በአንድ ቀን። አሁን ኢየሩሳሌም ገብተውም ጠዋቱን አላስቀሩትም።

23ኛ

የቢሾፍቱ ሰው ተከተለ። ኢሬቻን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከመስቀል በኋላ ሆራ አርሰዲ ላይ እርጥብ ሣርና አበባ ተይዞ የሚወጣበትን ነው። ያ ኢሬቻ መልካ ነው፤ ክረምቱ ከነጎርፉና ከነጨለማው በሰላም አለፈ ተብሎ ዋቃ፣ ፈጣሪ፣ የሚመሰገንበት። ከዚያ ውጭ ግን በበጋ፣ ዝናብ ሲናፈቅ ኮረብታ ላይ የሚወጣበት ኢሬቻ ቱሉ አለ፤ እዚያ የሚለመነው ዝናብ ነው። ለምኖ መውጣትና አመስግኖ መውረድ የየራሳቸው ቦታና ወቅት አላቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ለእኔ ከ18ኛው ይልቅ ይህ ገብቶኛል።

24ኛ እና 25ኛ

የሚያሳዝነው 24ኛው ይህን ወደ ብሔር ፖለቲካ ወስዶ በዓሉ የማን ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ መከበሩ ልክ ነው አይደለም ወደሚለው ገባ። አወያዩ በ25ኛው አስጠነቀቀ። ሁለት መልሶች ጠፉ።

26ኛ

የሕግ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ሁላችሁም ስለ ነፍስ ስታወሩ ኪራዩን ረሳችሁት ብሎ ወቀሰን። እውነቱን ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል ሕግ አለ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይፈቀድም፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንጂ በእጅ አይሆንም። በር ላይ ቆሞ የተነገረ ጭማሪ ከዚህ ጋር አይሄድም። ተመስገኑን ለእግዚአብሔር፣ አቤቱታውን ለወረዳ አለ።

27ኛ

አከራይ መለሰ፤ የእሷ አከራይ አይደለም፣ ሌላ። ለስለስ ብሎ የጻፈ ሰው ነው። የእናቱ ጡረታ ለአስቤዛ እንኳ አይበቃም፤ የሚኖሩት ግቢ ውስጥ ባሉ ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ኪራይ ነው፤ ዘይትና ጤፍ ለአከራይም ተወዷል። ሕጉን ሳትጠቅሱ በፊት ሰውዬውን ቡና ጋብዛችሁ አነጋግሩት፣ ወረዳ የሄደ ጉዳይ ጎረቤትነትን ያበላሻል አለ። 4ኛው ወዲያው ዘለለበትና ተከራይም ቡና የሚገዛበት ብር እንዳጣ አስታወሰው። ይሄኛው ስድብ ስላልነበረበት አልጠፋም።

28ኛ

ጠያቂዋ ተመለሰች። ኪራዩን በሚመለከት ባሏ ከአከራዩ ጋር ተነጋግሯል፤ ስለ አዋጁም አንስቷል። ሰውየው ጭማሪውን አልሰረዘም፤ ግን ሁለት ወር አራዘመላቸው፤ የጽሑፍ ውል ለማድረግም ተስማማ። ደስታም ብስጭትም የለበትም አጻጻፏ፤ የሆነውን ነው የነገረችን።

ረዘም ያለው ስለ እናቷ ነበር። የ12ኛዋን መልስ ካነበበች በኋላ ደብረ ብርሃን ደውላ እውነቱን ነገረቻቸው። እናቷ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ተቆጡ፤ እኔን እንደ ባዕድ ታዪኛለሽ ወይ ብለው ስልኩን ዘጉት። ማታ ታናሽ እህቷ ደወለች። እናታቸው የግፊት ክኒናቸውን ለመቆጠብ አንድ ቀን እየዘለሉ ይወስዱ እንደነበር፣ ይህን ለማንም እንዳይነገር እህቷን አስምለዋት እንደቆዩ ነገረቻት። ልጅቱ ስትደውል ተመስገን፣ ጤናዬ ደህና ነው ይሉ የነበሩት እሳቸውም ናቸው። በሳምንቱ በሚኒባስ አንድ ማዳበሪያ ጤፍና በፌስታል የታሰረ በሶ መጣ። ባሏ ወርዶ ተሸክሞ ሲያስገባ አማቱ ሥራ መፍታቱን ማወቃቸው ያሳፍረው መስሏት ነበር፤ እሱ ግን በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አንስቶ ራሱ ደወለላቸው።

29ኛ

ነርስ ናት፤ ትንፋሽ አልሰጠችንም። የግፊት መድኃኒት መዝለል ስትሮክ ሊያመጣ ስለሚችል እናትየው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ፤ ውድ ከሆነባቸውም በርካሹ እንዲቀየርላቸው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራቸው መታደስ አለመታደሱም ይታይ አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን የጻፈችው እሷ ናት፤ በክሩ ከተጠቀሱት ተረቶች ቦታውን ያገኘው ይኸኛው ነው።

30ኛ

መምህሩ እንደገና ጻፉ። ለጠያቂዋ እናት ጤና ተመኙ። ለራይዱ ልጅም አንድ መስመር አስቀመጡለት፤ የድግሱን ወሬ በዚያን ጊዜ እሳቸውም ሰምተው እንደነበር፣ መምህር ሆነው ለተማሪ መናገር ግን እንደማይቻል፣ ያን ዝም ማለት ከምስጋና ጋር እንዳያምታታው። ልጁ በ31ኛው አባቴ ብሎ ጠርቷቸው ይቅርታ ጠየቀ። በ4ኛው ላይ የጻፈውን ግን አላነሳም፤ መምህሩም አንሣ አላሉትም።

32ኛ

የሥልጠና ሥራ ላይ ያለ ሰው ሙያችን ተሰደበ ብሎ ቅር ተሰኘ። ደብተር የሚሰጠው ሰው ከችግሩ ሌላ ነገርም እንዲያይ እንጂ ደመወዙን እንዲረሳ አይደለም፣ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ በ33ኛው ጠየቀችው፦ ሥልጠናውን የከፈለው ሠራተኛው ነው ወይስ አሠሪው? በራሱ ፍላጎት የሚጽፍ ሰውና አለቃው ጻፍ ያለው ሰው አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱም እዚያው ላይ ነው። እስካሁን መልስ አልሰጠም።

ከ34ኛ በኋላ

አንድ ሰው በ28ኛው ውስጥ ያለውን ማዳበሪያ ጤፍ አይቶ ደብረ ብርሃን አሁን ኩንታሉ ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ። የሰላሌው መጣ፣ የአዳው መጣ፣ ነጭ ነው ሰርገኛ የሚል ተነሳ፣ አንዱ ከደላላ ሳይሆን በቀጥታ ከገበሬው የሚገዛበትን ቀን ተናገረ፣ ሌላው ኬላ ላይ የሚጠየቀውን ጨመረ። አወያዩ የጤፉን ለብቻ ክር ከፍቶ ወደዚያ አዛወራቸው። የጅዳዋ ሴት እዚያም ገብታ ለእናቷ ግማሽ ኩንታል የሚያደርስ ታማኝ ሰው እየጠየቀች ነው።